ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም

ልጄ ስታማኝ የሰማኋት ረቡዕ ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት ቆሜ፣ አፌ በጥርስ ሳሙና ተሞልቶ ነው። አምስተርዳም ውስጥ፣ እኛ ሰፈር ኢንዲሸ ቡርት፣ የቤቶቹ ግድግዳ ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምንለው እኛ ነን። ትንሳኤ ወጥ ቤት ሆና፣ ግማሹን በደች ግማሹን በአማርኛ፣ ከኖህ ጋር በስልክ ታወራለች። ኖህ ሁለት ዓመት ሙሉ "ጓደኛዬ ነው" ስባል የኖርኩበት ልጅ ነው። አሁን በወር አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ዩሮ የሚከፈልበት ቤት አግኝተናል፣ አብረን ልንገባ ነው ብለዋል። እኔ እሑድ ዕለት አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኩት፤ መግባቱን ግቡ፣ መጀመሪያ ግን ሽማግሌ ይላክ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ውስጥ ከ"ዳቦ አለ?" እና ከ"ቆሻሻው ወጣ?" በቀር የተነገረ ነገር አልነበረም።

"ሽማግሌ ካልመጣ ትላለች እኮ። ኤኽት፣ የምሬን ነው! ሦስት ሽማግሌ ከየት ነው የምታመጣው? ቲያትር ነው የምትፈልገው" አለች ትንሳኤ። እሱ የሚለውን አዳመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ማድረጓ ነው ይበልጥ ያሰማው። "እሷ እኮ በሕይወቷ ሰው ወድዳ አታውቅም። የምትወደው ወግ ነው። አባቴንም ቢሆን ወግ ስለጠበቀላት ነው ያገባችው።"

ሳሙናውን ዋጥኩት።

ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ስሜ ወርቅአፈራሁ ነው፤ እንዲህ ያለ ስም የወጣለት ሰው አንገቱን ደፍቶ መኖር አይሆንለትም። ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል አልጋ አንጥፌአለሁ፣ አሥር ዓመት ደግሞ የሽማግሌና የአሮጊት ገላ አጥቤአለሁ፣ አንድ ቀን ግን ማንም ሰው ቀና ብሎ እንዳያየኝ ብዬ አጎንብሼ አላውቅም። ልጄ ብዙ ነገር ልትለኝ ትችላለች። ቁጡ ነሽ ብትለኝ ነኝ። ቋጣሪ ነሽ ብትለኝም አልከራከርም። ሰው ወድዳ አታውቅም ማለት ግን ሐሰት ነው፤ ሐሰትነቱን ደግሞ ከእኔና ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ትንሳኤ ስልኩን ዘግታ ላፕቶፗ ላይ አጎንብሳለች። ረቡዕ ረቡዕ ከቤት ነው የምትሠራው።

"ሻይ ፈልቷል" አለችኝ ሳታየኝ።

"አያለሁ።"

"ዛሬ ደን ኻኽ ነሽ?"

"ረቡዕ አይደለም እንዴ?"

የፈቃደ ፎቶ ከማቀዝቀዣው በላይ ሆኖ ሁለታችንንም ያየናል። ባሌ ፈቃደ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ነው ያገባኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ተከባብረን ኖረናል፣ ታሞም አስታምሜዋለሁ። ልጅቷ ከተናገረችው ውስጥ እውነት የሆነው ቁራጭ እሱ ነው፤ ያስቆጣኝም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሻይውን ሳልጠጣው ጃኬቴን ለብሼ ወጣሁ።

ሙይደርፖርት ጣቢያ ላይ የባቡሩ መዘግየት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይላል። እንደ ቆምኩ ስለ ወልዳይ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ወር ሙሉ ከእሱ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም። ወልዳይ የአስመራ ልጅ ቢሆንም ያደገው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነው። አማርኛው ከእኔ ይጠራል፤ ትግርኛው ብቅ የሚለው ሲናደድ ብቻ ነው። እዚህ አገር እንደ መጣን አንድ ቋንቋ ትምህርት ቤት ገባን። ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ዳፐርማርክት ገበያ ጀርባ ባለችው መንገድ ላይ፣ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እየሮጠ። ለቀቅ ሲያደርገኝ ድምፁን እያሰማ ይሮጥ ነበር፣ የያዘኝ መስሎኝ እንዳልፈራ። በዓመቱ፣ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ በተደረገ በሳምንቱ፣ ሽማግሌ ላከ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነው።

አባት ሆነው የተቀበሉልኝ አቶ ሙሉነህ ናቸው። እሳቸው ያን ጊዜ ከሁላችን ቀድመው የመጡ፣ ለእያንዳንዱ ስደተኛ አባት የሆኑ ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ጠርተው፣ "እሺ ልበላቸው ወይስ ምን?" አሉኝ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ልቤ እሺ፣ እሺ፣ እሺ ይላል። አፌ ግን፣ "በመጀመሪያው ቀን እሺ ይባላል እንዴ? ገበያ የወጣሁ ዕቃ ነኝ? ተመለሱ ይበሏቸው" አለ። ደንቡም እንደዚያ ነው፤ የክብር ቤት ልጅ በአንድ ምልልስ አትሰጥም። አቶ ሙሉነህ ተነስተው ተቀበሏቸው፤ አከበሯቸው፤ "እኛም እንመካከር፤ በሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ተመለሱ" አሏቸው። እኔም ለዚያ ቅዳሜ ሁለት ዶሮ ገዛሁ። አንዲት ክፍል ነበረችኝ፤ አልጋዬን ከጎረቤት ቤት አስቀምጬ ወንበር ተዋስኩ። ማንም አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ልሂድና ምነው ልበል እንዴ? የማን ልጅ ነኝ! ይቅር፣ የናቀኝን እኔም ንቄዋለሁ አልኩ፤ ዶሮውንም ለሰፈሩ ሰው አበላሁ። በኋላ ሰማሁ፣ ሮተርዳም ገብቶ ስሃም የምትባል ሴት አገባ። እኔም ፈቃደን አገባሁ።

ይህ ሁሉ ተቀብሮ ነበር። አቶ ሙሉነህ ከሁለት ወር በፊት ሞቱ። ሮተርዳም ልቅሶ ላይ ውሃ ሳዞር ወልዳይ ከወንዶቹ መካከል ተቀምጧል፤ ሸብቷል፣ ሆዱ ትንሽ ወጥቷል፣ ዓይኑ ግን ያው ነው። ብርጭቆውን ሲያነሳ፣ "ጨዋ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ እንኳን እምቢ ሲሉኝ አክብረው ነው" አለኝ። ቀጥሎ ስሃም ካረፈች አራት ዓመት እንደሆናት፣ ሆግቭሊት ሰፈር፣ ከሜትሮ ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ፎቅ አምስተኛው ላይ እንደሚኖር፣ ባልፍ ጎራ እንድል ነገረኝ፤ ሰው ለወጉ እንደሚለው። እኔ ግን የቀረውን አልሰማሁትም። እምቢ ሲሉኝ? ትሪውን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ያሉት ውሃ እየጠበቁ ነው፣ አልቃሾች አሉ፣ ቄሱ ገብተዋል። ምን ልበል? አለፍኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስልክ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ሴት ልጅ ተነስታ ሰው ቤት ሄዳ እንዲህ ነበር እኮ ትላለች እንዴ? ኩራት ራት አይሆንም ይላሉ፤ እኔ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት እሱኑ ስበላ ኖሬአለሁ።

ደን ኻኽ የሚባለው ከተማ የምሄደው ለሜቭራው፣ ማለት ለወይዘሮ ሃርትማን ብዬ ነው። ድሮ የእኛ ሰፈር ነዋሪ ነበረች፤ ቤቷን አጸዳ ነበር። ዘጠና አንድ ዓመት ሲሆናት ልጇ እሱ ቤት አጠገብ ወዳለ የአረጋውያን ፎቅ አመጣት፤ እሷም ሌላ ሰው አይነካኝም ብላ እምቢ ስላለች፣ በሳምንት አንድ ቀን የባቡሬን ከፍሎ ያስመጣኛል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። ዓይኗ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አያይም፤ ጆሮዋ ግን የደች አነጋገሬን አንድ ስህተት አያሳልፍም። አጥባታለሁ፣ ያንን አስቸጋሪ የእግር ማጥበቂያ ካልሲ አለብሳታለሁ፣ ሾርባዋን አሞቃለሁ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት መጽሐፍ አነብላታለሁ። ከጥር ጀምሮ የያዝነው አንድ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የታተመ፣ የቅድመ አያቷ የነበረ፣ ጀርባው በጨርቅ የተጠገነ። ደቹ አሮጌ ነው። ልክ እንደ ግዕዝ ግማሹን የማነበው በግምት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሄንድሪካ የግድብ ሹም ልጅ ናት። ላምበርት የሚባል ባለ ነፋስ ወፍጮ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። ሲጠይቃት፣ "ጸደይ ይምጣና እናያለን" ትለዋለች፤ ትልቅ ቤት ልጅ ስለሆነች ቶሎ እሺ ማለት አይገባትም። እሱም ኩሩ ነው፣ ጸደይ ሳይመጣ ወፍጮውን ሸጦ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመስኮት ያንን ክንፍ አልባ ወፍጮ ስታይ ትኖራለች። እንግዲህ ይህን መጽሐፍ እኔ አልመረጥኩትም። ከጥር ጀምሮ በየረቡዑ አንድ ሰው ቁስሌን በጣቱ የሚነካካኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለሜቭራው ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም።

የዛሬው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ላምበርት አርጅቶ ተመልሷል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይገናኛሉ። እሱ ባርኔጣውን ያነሳል፣ እሷ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች፣ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሜቭራው እዚህ ላይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ያምራል፣ አይደለም እንዴ?" አለች።

"ምኑ ነው የሚያምረው?"

"ዝምታው ነዋ። ሁለቱም ክብራቸውን ጠበቁ።"

የቀረው አንድ ገጽ ነበር። ዓይኔ ቀድሞኝ ወደ ታች ወረደ። ሄንድሪካ በክረምት፣ መስኮቱ አጠገብ፣ የመርፌ ሥራዋ ጭኗ ላይ እንደሆነ ትሞታለች። ጎረቤቶቿ እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ነበረች ይላሉ። አለቀ። መጽሐፉን ብወረውረው ደስ ባለኝ፤ የሰው ንብረት ስለሆነ አልወረወርኩትም። በዚያች ደቂቃ የልጄ ድምፅ መጣብኝ፣ በሕይወቷ ሰው ወድዳ አታውቅም ያለችው። ስሞት ትንሳኤ የምትለው ይሄንኑ ነው። ወግ አክባሪ ነበረች ትላለች፤ ለቀብሬ የመጣ ሁሉ ደግሞ ራሱን ይነቀንቃል። ንባቤን ቀጠልኩ።

"ሄንድሪካ መርፌዋን አስቀመጠች" አልኩ። "ከዚያ ጫማዋን አደረገች።"

ሜቭራው ጭንቅላቷን ዘወር አደረገች። ይህን መጽሐፍ አራት ጊዜ እንዳነበበችው ነግራኛለች። "እንደዚያ አይልም" አለች።

"አይልም፣ ሜቭራው።"

ታባርረኛለች ብዬ ነበር። "ቀጥይ" አለች።

"ጫማዋን አድርጋ በጭቃው ላይ ወደ ላምበርት ቤት ሄደች። ሰው አያት። ቢያያት ባያያት ግድ አልነበራትም። በሩን አንኳኳች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ያለውን አላውቅም። ዛሬ ቀደም ብዬ ብወጣ ቅር ይልዎታል? ሮተርዳም መሄድ አለብኝ።"

ሜቭራው ሃርትማን ማንን ልታዪ ነው አላለችኝም። "ዝናብ ይመጣል፣ ጉልበቴ ነግሮኛል። ከበሩ ጀርባ የባሌ ጃንጥላ አለ፣ ውሰጂው። ረቡዕ መጥተሽ ምዕራፉን ትጨርሺልኛለሽ" አለች። ጃንጥላው ጥቁር፣ ረጅም፣ እጀታው የእንጨት ነው። ይዤው ስቆም ራሴን በአሳንሰሩ መስታወት አየሁት። ሽማግሌ ያለ ከዘራ አይሄድም፤ ይኸው ከዘራዬ አልኩ። ምን ልሠራ እንደምሄድ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ያለፈውን ላስረዳ ብቻ አልነበረም የምሄደው።

ሮተርዳም ጣቢያ አበባ ሻጩ ጋ ቆም አልኩ። አሥራ ሁለት ዩሮ ተኩል። ለልመና የሚሄድ ሽማግሌ አበባ ይይዛል እንዴ? አይይዝም። ትቼው ቡና በአራት ዩሮ ከሠላሳ አምስት ገዛሁና፣ ውድነቱን እየረገምኩ፣ ሜትሮ ውስጥ ቆሜ ጠጣሁት። ሜትሮው ከመሬት በታች ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከወዲያ ማዶ የፔርኒስ ነዳጅ ማጣሪያ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ወልዳይ ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ ቧንቧ ሲበይድ ነው የኖረው። ሆግቭሊት ስወርድ አየሩ የነዳጅ ሽታ አለው፣ ዝናቡም ጀምሯል። ከፎቁ በታች ካሉት ደወሎች የእሱን ስም ፈልጌ አገኘሁት፤ ከአጠገቡ የስሃም ስም አሁንም አልተነሳም። እጄ ደወሉ ላይ እንደሆነ፣ ጤነኛ ነሽ? አልኩ ራሴን። የመጣሽበት መንገድ ተመልሰሽ ሂጂ፣ ማንም አላየሽም። ማንም አላየኝም የሚለው ነው ያናደደኝ፤ ጫንኩት።

በሩን የከፈተው የተጨማደደ ሹራብ ለብሶ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ እጁ ላይ የእንጨት ማንኪያ ይዞ ነው። ቤቱ የምስር ወጥ ይሸታል፤ ረቡዕ ነዋ፣ ይጾማል።

"ወርቄ?" አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። "ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ግቢ፣ ግቢ። ዝናብ መታሽ።"

ገባሁ። ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ። ሳሎኑ ትንሽና ንጹሕ ነው፤ አንድ ሶፋ፣ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ የሁለት ልጆች የምረቃ ፎቶ፣ በመካከላቸው ስሃም ነጭ ለብሳ ትስቃለች። ለእሷ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላምታ ሰጠኋት፣ ቤቱ የእሷ ነውና። ወልዳይ ሶፋው ላይ ያለውን ጋዜጣ አነሳ።

"ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም።"

"ልቅሶው ላይ ስታነክሺ አይቼሻለሁ። ጉልበትሽን ያምሽ የለም እንዴ?"

"ያመኛል። ግን ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።"

ይህን ቃል ማንም የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ካልሆነ በቀር እንዲህ የሚል የለም። ወልዳይ ማንኪያውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ቴሌቪዥኑን አጠፋና፣ ሹራቡን ወደ ታች ሳብ አድርጎ፣ እጁን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ቆመ። እኔም ጃንጥላዬን ፊት ለፊቴ ተከልኩና ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

"ከአምስተርዳም ነው የመጣነው። አባትዎን ልንጠይቅ በተገባን፤ አባትዎም እናትዎም የሉም። ስለዚህ እርስዎን ከእርስዎ ልንለምን መጥተናል። አንዲት ሴት አለችን። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቤት አላት፣ ሥራ አላት፣ የማንም ሸክም አይደለችም። አመሏ ትንሽ ያስቸግራል፣ አንደብቅም። ስሟ ወርቅአፈራሁ ይባላል። የሚወዷት ከሆነ እንዲያገቧት፣ የማይወዷት ከሆነ ፊት ለፊት እንዲነግሯት ነው ጉዳያችን።"

ወጥ ቤት ውስጥ ምስሩ ይንፈቀፈቃል። ረጅም ዝምታ ነበር፤ ዝምታ ያምራል ያለችው ሜቭራው እዚህ መጥታ ብትቆም ኖሮ ባየኋት።

"ያን ጊዜ እምቢ ብለሽ፣ ዛሬ?" አለ። ትግርኛው ገባበት፤ ተናዷል ማለት ነው።

"ማነው እምቢ ያለህ? ተመለሱ ነው ያልናቸው። ቅዳሜ ተመለሱ!"

"ኪሮስ መጥቶ የነገረኝ ሌላ ነው። ትልቁ ሽማግሌዬ እሱ ነበር። ይህ የጨዋ እምቢታ ነው አለኝ። ትናንት ነፃነት ብለህ ድምፅ ሰጥተህ፣ ዛሬ ማን ልጁን ይሰጥሃል፣ ተመልሰህ አትዋረድ አለኝ።"

"አንተስ አመንከው?"

"አመንኩት። ሁሉም ሰው ያን ሰሞን በዓይኑ ይገረምመን ነበር። አንቺም ከእነሱ አንዷ መሰልሽኝ።"

"እኔ ለዚያ ቅዳሜ ዶሮ ሠርቼ ነበር" አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ መቆም አልቻልኩም። "ሁለት ዶሮ። አልጋዬን አስወጥቼ ወንበር ተውሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ እስከ ማታ መስኮት ላይ ቆሜ። ተመለሱ ያስባልኩትም እኔ ነኝ፣ አቶ ሙሉነህ አይደሉም። በአንድ ጊዜ እሺ ካልኩ ርካሽ የምሆን መሰለኝ። ስትቀር ደግሞ መጥቼ ልጠይቅህ እችል ነበር። ከዚያ እስከ አንተ ቤት በብስክሌት አሥር ደቂቃ ነው። ኮራሁ። ይኸው ነው።"

ወልዳይ ግድግዳውን ተደገፈ። "ሁለት ዶሮ" አለ፣ ለራሱ። "እኔም በዚያ ሳምንት በየማታው በብስክሌት በርሽ ድረስ እየመጣሁ እመለስ ነበር። መብራትሽን አየዋለሁ። ለመለመን ሁለተኛ አፍ አልነበረኝም።"

ምስሩ ማረር ጀመረ። እሱ አልሄደም፤ እኔ ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ሄጄ አጠፋሁትና ተመልሼ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ጉልበቴ እሳት ሆኗል። አለቀስኩ ብል ውሸት አይሆንም፤ ግን ቆሜ ነው ያለቀስኩት። ወልዳይ የስሃምን ፎቶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና አለ፤ ሹራቡን እንደገና አስተካከለ፤ በወጣትነቱ የማውቀው ኩሩ ፊቱ መጣ።

"እንግዶች" አለ፣ በብዙ ቁጥር። "መምጣታችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን እኔም በአንድ ምልልስ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ከልጆቼ ጋር ልመካከር፤ ከእሷም ጋር" ብሎ ፎቶውን አመለከተ። "ቅዳሜ ተመለሱ። ዶሮ እሠራለሁ።"

"ጥሩ" አልኩ። "የእኛ ወገን ተመለሱ ሲባል ይመለሳል።"

ከንፈሩ ላይ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር መጣ፤ እስኪለይ አልጠበቅኩም። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። አንድ ጊዜም አልተቀመጥኩም።

ሜትሮው ከሥራ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። አንዲት ወጣት ቦታዋን ለቀቀችልኝ፣ እምቢ አልኩ፤ ዛሬ የጀመርኩትን ልጨርሰው። ስልኬ ጮኸ። ትንሳኤ ናት።

"ማማ፣ የት ነሽ? ራት ሠርቼ እየጠበቅኩሽ እኮ ነው።"

"ሆግቭሊት።"

"ሆግቭሊት ምን አለ?"

"ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ነው።"

"ለማን?"

"ለራሴ። ጠዋት ያልሽውን ሰምቼሻለሁ።" እኔም አላዘንኩላትም፣ የጀመርኩትን ቀጠልኩ። "አባትሽን አክብሬዋለሁ፤ ያንን ከእኔ የሚወስድብኝ የለም። ግን ሰው ወድጄ አውቃለሁ። ስሙ ወልዳይ ነው። አሁን ከቤቱ ነው የወጣሁት።"

"ማማ..." አለች። ድምፅዋ የልጅ ሆነ። "ሶሪ። ኤኽት ሶሪ። ምን አለሽ ታዲያ?"

"ልመካከር፣ ቅዳሜ ተመለሱ አለኝ።"

"ኦ ማማ።" ቃል እየመረጠች፣ እየሳሳችልኝ ተናገረች። "ያ እኮ... በጨዋ ቋንቋ እምቢ ማለቱ ነው።"

"አይደለም!"

ሜትሮው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

"አይደለም" አልኩ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። "እንደ አንቺ ያለ አንድ ብልጥ ሰው ነው ያኔም እንዲህ ብሎ ሠላሳ ሁለት ዓመት የበላን። ተመለሱ ከተባለ መመለስ ነው። ቅዳሜ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ። ኖህንም ጥሪው፤ ጨዋ ልብስ ይልበስ። ሽማግሌ ሦስት ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን አይሄድም።"

"እኛ? እኔና ኖህ? ማማ፣ እኛ ምን እናውቃለን? ምንድን ነው የምናደርገው?"

ከመስኮቱ ውጪ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የሜቭራውን ጃንጥላ ወለሉ ላይ መታ አደረግኩት።

"ምንም" አልኳት። "ቁጭ በሉ ሲላችሁ እንዳትቀመጡ።"